ዝም ብሎ የሚያስቀው ሰው፦ ጃክ ቤኒና የዛሬዎቹ የማይክ ኮሜዲያን

ማታ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከጎረቤቱ የተዋሰውን የኦስካር ሽልማት ይዟል። ከጨለማው ውስጥ ወንበዴ ብቅ ይልና መሣሪያ ይደግንበታል። «ገንዘብህን ወይ ነፍስህን!»

ሰውየው ዝም ይላል።

ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው ታዳሚ መሳቅ ይጀምራል። ሰውየው አሁንም ዝም። ሳቁ እየጨመረ ይሄዳል። ወንበዴው ትዕግሥቱ ያልቅና «አልሰማህም እንዴ? ገንዘብህን ወይ ነፍስህን እኮ ነው ያልኩህ!» ብሎ ይጮኻል። ሰውየውም በተራው ይቆጣል።

«እያሰብኩ ነው!»

ይህ ጨዋታ በአሜሪካ ሬዲዮ የተላለፈው ማርች 28 ቀን 1948 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዝም ያለው ሰውዬ ጃክ ቤኒ ይባላል። የፊልምና የመድረክ ኮሜዲ ተዋናይ ነበር። ከ1932 እስከ 1955 ድረስ ደግሞ የራሱን የሬዲዮ ፕሮግራም መርቷል። ሃያ ሦስት ዓመት ማለት ነው።

ቅጂውን መጀመሪያ የሰማሁት በስልኬ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው። የማየው ነገር የለም። ፊቱን አላየሁም፣ እጁ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። የሚሰማኝ ዝምታና የሰው ሳቅ ብቻ ነው። ደጋግሜ ሰማሁት። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ማለት ብልሽት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ድምፅ ከጠፋ አድማጭ «ተቋረጠ» ብሎ ጣቢያ ይቀይራል። ይሄ ሰውዬ ግን በዝምታው ሳቅ ያገኛል። እንዴት?

መልሱ ከወንበዴው በፊት ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ታዳሚ ይህን ሰው ለ16 ዓመት ያህል በየሳምንቱ እየሰማው ኖሯል። ቆንቋና መሆኑን ያውቃል። ሳንቲም ከእጁ ለማስለቀቅ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ወንበዴው ጥያቄውን ሲጠይቅ አድማጩ ለዚህ ሰው ጥያቄው በእርግጥ ከባድ እንደሆነ ቀድሞ ገብቶታል። የሳቀው ገና ምንም ቀልድ ሳይነገር ነው። ያሳቀው ሰውየውን ማወቁ ነው።

ይህን የድሮ ታሪክ ዛሬ የማነሳው በምክንያት ነው። ኮሜዲ ተዋናዮች በየአገሩ ወደ ማይክ እየጎረፉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮናን ኦብራየን ከሌሊት የቴሌቪዥን ወንበሩ በተጓዳኝ በ2018 ፖድካስት ጀመረ። በ2022 ሲሪየስ ኤክስኤም የተባለው የሬዲዮ ኩባንያ የኮናንን የፖድካስት ድርጅት ገዛው። ዋጋው 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ተዘግቧል። የጎልደን ግሎብ ሽልማት በ2026 ለመጀመሪያ ጊዜ ለፖድካስት ዘርፍ ሲከፍት ያሸነፈችው ኤሚ ፖለር ናት። እሷም የታወቀች የኮሜዲ ተዋናይ ናት። እኛም አገር መንገዱ የተለመደ ሆኗል። ሰይፉ ፋንታሁንን በሬዲዮ «ታዲያስ አዲስ» እያለ፣ በቴሌቪዥን ደግሞ በኢቢኤስ ወንበሩ ላይ አውቀነዋል። ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ ዶንኪ ቲዩብ በተባለው የዩቲዩብ ቻናሉ ከቀልድ ወደ ረጅም ቃለ ምልልስ ተሻግሯል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ማይክ ላይ የሚሸጠው ምንድን ነው? ቀልድ ከሆነ ቲክቶክ ላይ በነፃ ሞልቷል። እኔ የሚመስለኝ የሚሸጠው ሰውየው ራሱ ነው። አድማጭ በጊዜ ብዛት የሚያውቀው፣ የሚለምደው፣ ጉድለቱን እንደ ጎረቤቱ ጉድለት የሚያወራው ሰው። ያንን ሰው መሥራት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ጃክ ቤኒ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ከማንም በላይ በግልጽ ያሳያል።

ሲወለድ ስሙ ቤንጃሚን ኩቤልስኪ ነበር። የተወለደው በ1894 ቺካጎ ሲሆን ያደገው ዋኪጋን በምትባል የኢሊኖይ ከተማ ነው። ወላጆቹ ከአውሮፓ የመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች ናቸው። አባቱ ልጁ ቫዮሊን እንዲማር ፈለገ። ልጁም ተማረ፣ በልጅነቱ የመድረክ ትርዒት ቤት ውስጥ በቫዮሊን ሥራ ጀመረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ገባ። እንደሚተረከው አንድ ምሽት ለመርከበኞቹ ቫዮሊን ሲጫወት ጮኹበት። ወዳጁ ጠጋ ብሎ «ቫዮሊኑን አስቀምጠውና ዝም ብለህ አውራ» አለው። አወራ፣ ሳቁለት። ከዚያ በኋላ ቫዮሊኑ መተዳደሪያ መሆኑ ቀርቶ የቀልድ ዕቃ ሆነ።

በማርች 1932 ኤድ ሱሊቫን ወደ ሬዲዮ ፕሮግራሙ ጋበዘው። የመጀመሪያ ንግግሩ በአማርኛ እንዲህ ይመጣል፦ «ጃክ ቤኒ ነኝ። አሁን ‹ታዲያ ምን አገባን?› እንድትሉ ትንሽ ዝም እላለሁ።» የአሥራ ስድስት ዓመቱ ሥራ በሙሉ እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ በጥሬው አለ። ራሱ ላይ ነው የቀለደው። ዝምታውንም ለአድማጩ ነው የሰጠው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሬዲዮው ጃክ ቤኒ እና እውነተኛው ጃክ ቤኒ ሁለት ሰዎች ናቸው። የሬዲዮው ቆንቋና ነው። ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የገንዘብ ማስቀመጫ ዋሻ አለው። ሊጎበኘው ሲወርድ የእግር ዳናው፣ የሰንሰለቱ መንኳኳት፣ የበሮቹ ሲጢጥታ፣ በመጨረሻም የማስጠንቀቂያ ደወሉ ተራ በተራ ይሰማል። እታች የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። ከቆየ ብዛት የውጭውን ዓለም ወሬ አያውቅም። የሬዲዮው ቤኒ ዕድሜው ሁልጊዜ 39 ነው። ቫዮሊን ሲይዝ ሰው ጆሮውን ይይዛል። መኪናው የተንኮታኮተች ማክስዌል ናት። እውነተኛው ቤኒ ደግሞ በለጋስነቱ የሚታወቅ ነበር። ቫዮሊኑንም ደህና አድርጎ ይጫወታል፤ ሆን ብሎ ነው የሚያበላሸው። ከ1956 ጀምሮ ከትልልቅ ኦርኬስትራዎች ጋር በእርዳታ ኮንሰርቶች እየተጫወተ ለሙዚቀኞችና ለኮንሰርት አዳራሾች ሚሊዮኖች ዶላር አሰባስቧል። ሰው ቲኬት የሚገዛው ቆንቋናው ቤኒ ሲያበላሽ ለማየት ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ለቸሩ ቤኒ ዓላማ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አለቃ ገብረ ሃናን አስቡ። «አለቃ ገብረ ሃና አንድ ቀን…» ብሎ የጀመረ ሰው ገና ሳይቀጥል ፊታችን ይፈታል። ሰውዬውን እናውቀዋለና። አለቃ በእርግጥ ያሉትም ያላሉትም በስማቸው ይነገራል፣ ስሙ ራሱ ሳቅ ይጠራልና። ከሁሉም የምወደው ደግሞ አለቃ የሚሸነፉበትን ነው። አህዮች የምትነዳ ሴት መንገድ ላይ አገኟት። «እንዴት አደርሽ የአህዮች እናት?» አሏት። «እንዴት አደርክ ልጄ» አለቻቸው ይባላል። ይህን ጨዋታ ያቆየልን ተሸናፊው አለቃ መሆናቸው ነው። በሌላ በማንም ስም ቢነገር አንዲት ፈጣን መልስ ብቻ ትሆን ነበር።

ከአለቃ በኋላ ግን የእኛ ቀልድ ወደ ቃል ያደላ ይመስለኛል። ሰምና ወርቁ፣ ተረቡ፣ የአነጋገር ማስመሰሉ። ቋንቋችን ለዚህ የተመቸ ነው፣ የሚያኮራም ነው። የካሴት ዘመን ኮሜዲያኖቻችን፣ እነ ተስፋዬ ካሳ፣ እነ ክበበው ገዳ፣ ጥንዶቹ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ስንቱን ቤት አስቀዋል። ካሴት ግን ያልቅና ይገለበጣል። ሬዲዮ በየሳምንቱ ይመጣል። በየሳምንቱ አዲስ ቀልድ ማምጣት ማንንም ያደርቃል። ያው ሰው ሆኖ በየሳምንቱ መምጣት ግን ይቻላል።

የቤኒ ሁለተኛው ትልቅ ነገር ሳቁን ለሌላ ሰው መስጠቱ ነው። እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ዛሬ ማይክ የያዘ ሰው ሁሉ ሊማረው የሚገባው ይህን ይመስለኛል።

ፕሮግራሙ የሱ ነው። ስሙም የሱ ስም ነው። ግን ከጽሑፉ ውስጥ ጥሩ ጥሩውን መስመር የሚናገሩት ሌሎቹ ናቸው። ሚስቱ ሜሪ ሊቪንግስተን ታሽሟጥጠዋለች። የባንዱ መሪ ፊል ሃሪስ ይደፍረዋል። ዘፋኙ ዴኒስ ዴይ በየዋህነቱ ያናድደዋል። አስተዋዋቂው ዶን ዊልሰን በሆዱ ትልቅነት እየተቀለደበት መልሶ ይስቅበታል። ቤኒ መካከላቸው ሆኖ የቀልዱን ዱላ ይቀበላል። የሱ ድርሻ «ደህና!» ብሎ መኮሳተር ነው። ይህን የሚያደርገው ትሑት ለመሆን ብቻ አልነበረም። ስሌት ነበር። ሰኞ ጠዋት ሰው ሥራ ቦታ ስለማን ያወራል? «ትናንት ማታ ጃክ ቤኒን ሰምተኸዋል?» ነው የሚለው። መስመሩን ማንም ይናገረው፣ ያሳቀው የሱ ፕሮግራም ነው።

አንድ ቀን ደግሞ የማክስዌሏ ሞተር ድምፅ ያለበት ሸክላ በቀጥታ ስርጭት ላይ እንቢ አለ ይባላል። ሜል ብላንክ የሚባለው የድምፅ ተዋናይ ማይኩ ጋ ዘሎ ሄደ። በአፉ ሳለ፣ አስነጠሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ መኪናዋን በጉሮሮው አስነሳት። ከዚያ በኋላ የማክስዌሏ ድምፅ እሱ ሆነ። ቤኒ ይህን ሰው ለዓመታት ከጎኑ አቆየው። ጥሩ አቅራቢ ማለት ሰው ሲያበራ የማይከፋው ነው።

«እያሰብኩ ነው» የምትለው መስመርም የአንድ ሰው ሥራ አይደለችም። የሚተረከው እንዲህ ነው። ሁለቱ ጸሐፊዎቹ ሚልት ጆሴፍስበርግና ጆን ታካቤሪ የወንበዴውን ትዕይንት እየጻፉ ነበር። ጥያቄው ተጽፏል፣ መልሱ ጠፍቷል። ታካቤሪ ዝም ብሎ ተጋድሟል። ጆሴፍስበርግ ትዕግሥቱ አለቀና «በል እንጂ፣ አንድ ነገር በል!» አለው። ታካቤሪም ተናዶ «እያሰብኩ ነው!» አለ። ሁለቱም ሳቁ። ተጻፈ። የቤኒ ሥራ ደግሞ ከመስመሩ በፊት ያለውን ዝምታ ምን ያህል እንደሚያቆየው ማወቅ ነበር። ጸሐፊ ይህን ሊጽፍለት አይችልም።

ስለ ኤዲ አንደርሰን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን አጎድላለሁ። በ1937 የፋሲካ ሰሞን ፕሮግራም ላይ ለአንድ ጊዜ ብቻ የባቡር አስተናጋጅ ሆኖ ገባ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ አንድ ጊዜ ከተሰማ አይረሳም። አድማጭ ወደደው። ተመልሶ ተጠራ፣ ብዙም ሳይቆይ «ሮቸስተር» የተባለ የቤኒ የቤት አገልጋይ ገጸ ባሕርይ ሆነ። በመላ አገሪቱ በሚተላለፍ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ቋሚ ሚና ካገኙት ጥቁር አሜሪካውያን ተዋናዮች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ጨዋታው የሚያስቀው አገልጋዩ ከጌታው ብልጥ ስለሆነ ነው። ጌታውን ያርመዋል፣ ይመልስለታል፣ ደሞዙ እንዳልተከፈለው ለሕዝብ ያሳጣዋል። ይህ በ1930ዎቹ አሜሪካ ቀላል ነገር አልነበረም።

ያም ሆኖ ሚናው ያው አገልጋይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበሩት ቀልዶች ብዙዎቹ ጥቁሮች ላይ የተለጠፈውን የቆየ ምስል የሚደግሙ ነበሩ፤ ቁማሩ፣ መጠጡ፣ ስንፍናው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤኒና ጸሐፊዎቹ ይህን ዓይነቱን ቀልድ አቆሙ። በ1950 ግን ከጦርነቱ በፊት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ መልሰው አስተላለፉ። ተቃውሞ ጎረፈ። አድማጩ ተቀይሮ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። የአንድን ሕዝብ፣ የአንድን አካባቢ ሰው ወይም የአንዲት የቤት ሠራተኛን አነጋገር እየቀዱ ማሳቅ ቀላል ነው፣ ለጊዜው ይሠራልም። እኛም ሬዲዮ ላይ የገጠሬን አነጋገር እየቀዱ ስንት ዓመት ሳቅን። ሮቸስተር ዛሬም ሲሰማ የሚያስቀው አንደርሰን ራሱ ባመጣው ጊዜ አጠባበቅና ብልጠት ነው። ከተለጠፈበት ምስል የመጣው ሳቅ ግን ዛሬ ያሳፍራል።

ፊልሙን በአጭሩ ልለፈው። ትልቁ ሥራው በ1942 የወጣው የዳይሬክተር ኤርነስት ሉቢች ፊልም ነው። ናዚዎች በያዟት ዋርሶ ስላሉ የቲያትር ተዋናዮች የሚተርክ ኮሜዲ ነው። ቤኒ በአንድ ትዕይንት የናዚ ልብስ ለብሶ ይታያል። አባቱ ሲኒማ ቤት ገብተው ልጃቸውን በዚያ ልብስ ሲያዩ ተነሥተው ወጡ ይባላል። ልጅየው የፊልሙን ሐሳብ ካስረዳቸው በኋላ ተመልሰው አዩት፣ ወደዱትም። በ1945 የሠራው ሌላ ፊልም ደግሞ ገበያ አጣ። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ስሙ እንዳይነሣ ይጸልያል። ቤኒ ግን ያንን ውድቀት ለዓመታት የሬዲዮ ቀልድ አደረገው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ስለ ኮሜዲ ስናወራ ይህን እንዘለዋለን፣ ግን የፕሮግራሙን ቅርጽ የወሰነው ገንዘቡ ነው።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሬዲዮ ላይ ጣቢያው ሰዓቱን ይሸጣል። ሰዓቱን የሚገዛው ስፖንሰሩ ነው። ፕሮግራሙን የሚያሠራውም የስፖንሰሩ ማስታወቂያ ድርጅት ነው። ለኛ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ2000 ሥራ ከጀመረ፣ ሸገር 102.1 በ2007 ከተጨመረ ወዲህ የአዲስ አበባ ሬዲዮ ብዙውን መዝናኛ ያገኘው ከተባባሪ አዘጋጆች ነው። አዘጋጁ የአየር ሰዓት ይገዛል። ስፖንሰሩን ራሱ ያፈላልጋል። ማስታወቂያውንም ብዙ ጊዜ ራሱ ያነባል። አሁን የዩቲዩብና የፖድካስት አቅራቢዎች በየመሀሉ «ይህን ፕሮግራም የምናቀርብላችሁ ከእገሌ ጋር በመተባበር ነው» ሲሉ አዲስ ነገር ያመጡ የሚመስላቸው አሉ። ቤኒ በ1932 የጀመረው እዚያው ነበር።

ልዩነቱ ማስታወቂያውን እንዴት እንደያዘው ነው። የመጀመሪያ ስፖንሰሩ ካናዳ ድራይ የተባለ የለስላሳ መጠጥ ድርጅት ነበር። ቤኒ በመጠጡ ቀለደ። አድማጭ ወደደው፣ ባለ ድርጅቶቹ ግን አልወደዱትም። በኋላ ጄል-ኦ የተባለው የጣፋጭ ምግብ ስፖንሰር ሲሆን ማስታወቂያው የታሪኩ አካል ሆነ። ዶን ዊልሰን መሀል ላይ ስለ ስድስቱ ጣዕሞች ሊናገር ይጀምራል፣ ቤኒ ያቋርጠዋል፣ ዊልሰን አይለቅም። አድማጩ ማስታወቂያውን የሚሰማው ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ለመስማት ብሎ ነው። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ተቀምጬ ሬዲዮ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። አቅራቢው በጨዋታው መሀል ድንገት ድምፁን ይቀይርና የባንክ ማስታወቂያ ያነባል። ድምፁ ሲቀየር ሾፌሩ እጁን ወደ ሬዲዮው ይሰዳል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሾፌሩ ማስታወቂያ ስለጠላ አይመስለኝም። የሚያውቀው ሰው ድንገት ከመኪናው ስለወረደ ነው።

ከዚያ የባለቤትነት ጥያቄ መጣ። በ1948 መጨረሻ ሲቢኤስ የተባለውን የስርጭት ኩባንያ ይመሩ የነበሩት ዊሊያም ፔሊ ቤኒን ይሠራበት ከነበረው ከተፎካካሪያቸው ከኤንቢሲ ነጠቁት። መንገዱ ብልህነት ነበረበት። ቤኒ የራሱ ድርጅት ነበረው። ሲቢኤስ ሰውየውን በደሞዝ ከመቅጠር ይልቅ ድርጅቱን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛ። ደሞዝ ቢሆን አብዛኛውን ግብር ይወስደው ነበር። ሽያጭ ስለሆነ ግብሩ ዝቅተኛ ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 1949 ቤኒ በአዲሱ ጣቢያ፣ በለመደው የእሁድ ምሽት ሰዓት ቀረበ። አድማጩ ተከትሎት ሄደ። ሌሎች ኮከቦችም በዚያው ሰሞን ወደ ሲቢኤስ ተሻገሩ። ኤንቢሲ የገባው ዘግይቶ ነው። አድማጩ የሰውየው ነበር፣ የሞገዱ አልነበረም። ከ70 ዓመት በኋላ የኮናን ኦብራየን ድርጅት የተሸጠው በዚያው መንገድ ነው።

ይህ ነጥብ የእኛን ልጆች በቀጥታ ይመለከታል። ብዙ ጎበዝ ኮሜዲያን የፕሮግራም ስም ያወጣሉ፣ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራሉ፣ ዓመታት ይደክማሉ። ስሙ ግን በማን እንደተመዘገበ አይጠይቁም። ከጣቢያው ጋር ሲለያዩ ስሙ እዚያው ይቀራል። እኔም አንድ ወቅት ለአንድ ጣቢያ የጻፍኩት አጭር ጭውውት ነበረኝ። ሁለት ገጸ ባሕርያት ነበሩት፣ ሰፈር ውስጥ ልጆች ስማቸውን እየጠሩ ይጫወቱ ነበር። ከጣቢያው ስወጣ ገጸ ባሕርያቱን በሌላ ሰው ድምፅ ሰማኋቸው። ውል አልነበረኝም፣ ምንም ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ለወጣት ኮሜዲያን የምመክረው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ከቀልዱ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። የፕሮግራሙን ስም፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም፣ የዩቲዩብ ቻናሉን የይለፍ ቃል ጭምር።

ቤኒ በ1950 ቴሌቪዥን ጀመረ፣ እስከ 1965 ቆየ። ሬዲዮውን ያቆመው በ1955 ነው። ለአምስት ዓመት ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዳቸው። ቴሌቪዥን ላይ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ታዳሚውን ዝም ብሎ የሚያይበት አመለካከት መለያው ሆነ። ያ አመለካከት ሬዲዮ ላይ የነበረው ዝምታ ነው፣ አሁን ፊት አገኘ። ለዚህ ነው መሻገሩ ያልከበደው። በ1930ዎቹ የነበሩ ብዙ የሬዲዮ ቀልደኞች ቀልዳቸው በቃል ፍጥነት ላይ የቆመ ነበርና ቴሌቪዥን ሲመጣ ጠፉ። ገጸ ባሕርይ የነበረው ተሻገረ።

ዛሬ የሚያሳስበኝ ቅንጣቢው ነው። የሁለት ሰዓት ጨዋታ ይቀረጻል፣ ከዚያ 40 ሰከንድ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚያየው ያንን ነው። የወንበዴውን ትዕይንት እንደዚያ ቆርጣችሁ ለማያውቀው ሰው አሳዩት። ዝምታው ላይ ጣቱን ያንሸራትታል። ከኋላው ያሉት ዓመታት የሉማ። አቅራቢዎቹም ይህን ስለሚያውቁ በየ40 ሰከንዱ አንድ የሚቆረጥ ነገር ለመፍጠር ይሯሯጣሉ። እንግዳ ያስለቅሳሉ፣ ያስደነግጣሉ፣ የግል ጉዳይ ያስወጣሉ። እይታ ያመጣል። አድማጭን ግን አያሳድግም። አልፈርድባቸውም፣ የሚከፈላቸው በእይታ ነው። ግን ዩቲዩብ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚሰማ አድማጭ እንዳለን የረጃጅሞቹ ቃለ ምልልሶች ተመልካች ብዛት እየነገረን ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው አልጠፋም።

ይህን ሐሳብ አየር ሰዓት ገዝቶ ለሚሠራ ወዳጄ ነገርኩት። አንድ ኮሜዲያን፣ አራት ቋሚ ተዋናዮች፣ ሁለት ጸሐፊዎች፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት። ለሁለት ዓመት ያለ ለውጥ። አብረው ይደጉ። ሰዉ አንድ ቆንቋና ወይም አንድ ጉረኛ ወይም አንድ ፈሪ ይወቅ፣ ይልመደው። ወዳጄ አዳመጠኝ። ሐሳቡን ወደደው። ከዚያ «ወንድሜ፣ በሦስት ወር ካልያዘ ስፖንሰሩ ይወጣል» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ይወጣል። ቤኒም ጋ ወጥቷል። ካናዳ ድራይ በሜይ 1932 ጀምሮ ዓመት ሳይሞላው ተወው። ሸቭሮሌት ተረከበው፣ እሱም በ1934 ለቀቀው። ጄኔራል ታየር የተባለው የጎማ ድርጅት ወሰደው፣ ስድስት ወር እንኳ በቅጡ አልቆየም። ሦስት ስፖንሰር በሁለት ዓመት ተኩል። ቤኒ በየጊዜው ያው ሰው ሆኖ ተመለሰ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ አራተኛው መጣ። ጄል-ኦ ነበር፣ 8 ዓመት ቆየ።